ምልክትና አደራ፦ የዓርማ ሥራና ሥነ ምግባሩ በኢትዮጵያ ታሪክ



ፋኩልቲው በዚህ ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ እንድናገር ስለ ጋበዘኝ አመሰግናለሁ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የንድፍ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ከዕለት ወደ ዕለት የምመለከታቸው የታሪክ ማስረጃዎች፣ ሳንቲሞቹም ሆኑ ማኅተሞቹ፣ ቴምብሮቹም ሆኑ ሰንደቅ ዓላማዎቹ፣ ሁሉም የንድፍ ሥራዎች ናቸው። አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦባቸዋል፤ ሌላው ከፍሎባቸዋል፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ደግሞ አምኖባቸዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ተታሎባቸዋል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ዓርማ የሚነድፍ ባለሙያ ኃላፊነቱ ለማን ነው? ላዘዘው ደንበኛ ብቻ ነውን? ምልክቱን አይቶ ለሚያምነው መንገደኛስ? ከእርሱ በፊት ሌላ ምልክት አቁሞ በላቡ ላስከበረውስ?

በቃሉ ልጀምር። ዛሬ «ሎጎ» የምንለውን ነገር አባቶቻችን በልዩ ልዩ ስም ያውቁት ነበር፤ ምልክት፣ ዓርማ፣ ማኅተም። ከሦስቱ ለእኔ አስተማሪ የሚመስለኝ ማኅተም ነው። ግሱ «ኀተመ» በግእዝ ማተምንም መጨረስንም ይገልጻል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያለቀ ቃል ነው፤ ላኪው በቦታው ባይኖርም ቃሉ በቦታው አለ። ስለዚህ ምልክት ማለት በአካል የሌለን ሰው ወክሎ የሚናገር ነገር ነው ማለት እንችላለን። የሥነ ምግባሩም ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ባለቤቱ በሌለበት የሚናገር ምልክት ሐሰት ቢናገር፣ ተመልካቹ ፊት ለፊት የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

የአክሱም ሳንቲሞች

በሀገራችን ለብዙ ሰው እጅ እንዲደርስ ተብሎ የተነደፈ ቀዳሚው የምልክት ሥርዓት የአክሱም ሳንቲም ነው። ነገሥታቱ ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም አስመቱ። በወርቁ ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ተቀምጧል፤ ከላይ ጨረቃና ክብ ነበሩ። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ተነሥቶ በቦታው መስቀል ገባ። የእህል ዛላው ግን እንደ ነበረ ቀረ። ይህን ለንድፍ ተማሪዎች ደጋግሜ አሳያለሁ፤ የመንግሥቱ እምነት ሲለወጥ ምልክቱ እውነቱን ተከትሎ ተለወጠ፤ ያልተለወጠው፣ ማለትም ምድሪቱና ፍሬዋ፣ በቦታው ጸና።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን በመዳቡ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተመቱ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ የተቀረጸው ቃል ሲተረጎም «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ነው። ወርቁ በአብዛኛው ለውጭ ንግድ የሚሄድ ነበር፤ መዳቡ ግን በገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር የተራው ሰው ገንዘብ ነው። ንጉሡ በዚያ ላይ «ታዘዙ» ብሎ ማስቀረጽ በቻለ ነበር። የተቀረጸው ግን ምኞት ነው፤ ምልክቱ በተቀባዩ ዘንድ ደስታን እንዲያገኝ የሚለምን ምኞት። ይህ የነገሥታት ወግ ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ምልክት የሚጸናው ተቀባዩ ሲቀበለው ነው የሚለው ሐሳብ በሀገራችን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑን አስታውሱልኝ።

የጠገራ ብር ትምህርት

ተቀባዩ እንቢ ሲልስ? ለዚህ የማርያ ቴሬዛን ብር፣ በእኛ አጠራር ጠገራ ብርን፣ እንመልከት። የኦስትሪያዋ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። በስምዋ የሚመታው ብር ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 ዓመት እንደ ያዘ መመታቱን ቀጠለ። በኢትዮጵያ ገበያ የታመነው ይህ ብር ነበር። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ባለው ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ ይመረምር ነበር። ዛሬ የምርት ምልክትን ከሐሰተኛው ለመለየት የምናደርገውን ምርመራ ያ ነጋዴ ያለ መምህር ያደርገው ነበር ማለት ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተቀረጸ የራሳቸውን ብር አወጡ፤ በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ዘውድ የጫነ አንበሳ ነበረበት። ሥራው ያማረ ነው። ቢሆንም ጠገራ ብርን ከገበያ አላስወጣውም። የራሳችን ንጉሥ፣ የራሳችን አንበሳ፣ የራሳችን ፊደል ያለበት ብር በባዕድ ንግሥት ብር ፊት ሁለተኛ ሆነ። ውበትና የሀገር ፍቅር ሁለቱ ተደምረው እንኳ መታመንን በአዋጅ ሊያስገኙ አልቻሉም፤ መታመን በብዙ ዓመት ልምድ የሚጠራቀም ሀብት ነውና።

ይህን ሀብት ሌላው ሊወስደው ፈለገ። ኢጣሊያ በኤርትራ ቅኝ ግዛትዋ በመጀመሪያ የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ምስል ያለበትን ብር አወጣች፤ ሕዝቡ እንደ ጠገራው አላመነውም። ቀጥላም እ.ኤ.አ. በ1918 ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት የተቀረጸችበት ብር አስመታች። ሴቲቱ ማርያ ቴሬዛ አይደለችም፤ ግን እንድትመስል ሆና ተነድፋለች። ዛሬ በንግድ ምልክት ሕግ «አሳሳች መመሳሰል» የምንለው በትክክል ይህ ነው። ገበያው ይህንንም አልተቀበለውም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት ሲዘጋጅ፣ ኢጣሊያ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ አግኝታ እውነተኛውን የማርያ ቴሬዛ ብር በሮም መምታት ጀመረች። ይህ ብር ለወረራው ወጪ ዋለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በሮም የተመታው ብር በቅርጹ ሐሰት አልነበረም፤ መብቱም በውል የተገኘ ነበር። ያም ሆኖ ኢትዮጵያዊው ገበሬ ለአንድ ምልክት ለትውልዶች የሰጠው እምነት በራሱ ሀገር ላይ መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ ተማሪዎቼ «ሕጋዊ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ሲሉኝ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሕጉ የሚጠይቀው ምልክቱ የማን እንደ ሆነ ነው። ሥነ ምግባር ግን ምልክቱ የተሸከመው እምነት የማን እንደ ሆነና ለምን ሥራ እንደ ዋለ ጨምሮ ይጠይቃል።

ቀይ መስቀል በ1928 ዓ.ም.

ወደ ከባዱ ምሳሌ ልለፍ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር ኢትዮጵያ ቁስለኞችን የሚመለከተውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጦርነቱ ተጀመረ። በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ እንዲናገር ተብሎ የተመረጠ ምልክት ነው፤ «እዚህ ቁስለኛ አለ፤ አትተኩስ» የሚል። በንድፍ ዓይን ሲታይ ከዚህ የቀለለ ምልክት የለም፤ ሁለት ቀለም፣ ሁለት መስመር። በተሸከመው አደራ ግን ከዚህ የከበደ አይገኝም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ሰፈር ተደበደበ፤ በድንኳኖቹ ውስጥ የነበሩ በርካታ ሕሙማን ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑም ጉናር ሉንድስትረም በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። የካቲት 25 ቀን በኮረም አካባቢ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በተራው ተመታ። በዚያ ዘመን ለአዲስ አበባ አውሮፕላኖች ማረፊያ ከነበሩት ሜዳዎች አንዱ አቃቂ ነው፤ ዛሬ ከሳሪስ አቦ ተነሥተን በአጭር ጊዜ የምንደርስበት ሥፍራ ነው። ይህን የምለው ታሪኩ ከምንኖርበት ሰፈር የራቀ እንዳይመስለን ነው።

የወራሪው መንግሥት መከላከያ ምን ነበር? ኢትዮጵያውያን ምልክቱን ያለ አግባብ ይጠቀሙበታል፣ የጦር መሣሪያና ጦር በእርሱ ይከልላሉ የሚል ነበር። ይህ ክስ ሕሙማን የተኙበትን ድንኳን መደብደብን በምንም መንገድ ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ክሱ እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ። የምልክቱን አለመከበር ለማሳበብ የተመረጠው ሰበብ የምልክቱ መባከን ነው። ይህ ምልክት በትክክለኛው ቦታ ብቻ ሲታይ ጥርጣሬ መግቢያ አያገኝም፤ በየቦታው ሲበተን ግን ተኳሹ «ይህኛውስ እውነተኛ ነው?» ለማለት ምክንያት ይሰጠዋል።

አሁን ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ታፔላዎች ተመልከቱ። በዚያም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል በግል ክሊኒክ፣ በመድኃኒት መደብር፣ አንዳንዴም በመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ላይ ቀይ መስቀል ተስሎ እናያለን። የሣለው ሰው ክፋት የለውም፤ «ሕክምና» ማለቱ ነው። ባለቤቱም ክፋት የለውም፤ ደንበኛው በቀላሉ እንዲያገኘው ነው። ሁለቱም የማያስተውሉት ነገር ቢኖር ከማይነካ ሣጥን ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየወሰዱ መሆናቸውን ነው። በቅርብ ዓመታት በሀገራችን በተካሄዱት ግጭቶች የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንሶችና ሠራተኞች ለጥቃት ተጋልጠዋል። የአንድ ታፔላ ሠዓሊ ብሩሽና በግጭት ቀጠና የሚሄድ የአምቡላንስ ሾፌር ሕይወት የተያያዙ መሆናቸውን ማስተማር የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው። ለክሊኒክ አረንጓዴ መስቀል አለ፤ እባብና በትር አለ፤ ሌላም አዲስ ሐሳብ ይኖራል። ለአምቡላንሱ ግን ሌላ ምትክ የለውም።

የመንግሥት ዓርማና የሕዝብ ስሜት

አንዳንድ ምልክት ደግሞ የአንድ ወገን ሳይሆን የሁሉ ነኝ ይላል። የዘውዱ ዘመን አንበሳ ዘውድ የጫነና መስቀል ያለበት በትር የያዘ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱን አንሥቶ በበትሩ ጫፍ ያለውን መስቀል ወደ ጦር ለወጠው። ያ ዓርማ ለንድፍ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አንበሳው ያው ሆኖ ሁለት ነገር ብቻ ሲለወጥ ሥልጣኑ ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው ቃል ፈጽሞ ተለወጠ። በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 16 የወጣው ዓርማ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለ ኮከብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ዓርማው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንዲያንጸባርቅ ይደነግጋል።

በእነዚህ ዓርማዎች ላይ እስከ ዛሬ ክርክር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ አንዱ የሚኮራበትን ሌላው በሐዘን ያየዋል። በዚህ መድረክ ለአንዱ ወገን መፍረድ ሥራዬ አይደለም። የታሪክ መምህር ሆኜ የምለው አንድ ነገር ነው። የምልክት ትርጉም በአዋጅ ሊጻፍ ይችላል፤ የሚኖረው ግን በሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው፤ ትዝታም እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ለወረዳ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለማኅበር ዓርማ የሚነድፍ ባለሙያ ከመንደፉ በፊት በዚያ ምልክት ሥር የሚኖሩትን ሰዎች የመስማት ግዴታ አለበት። የሃይማኖት ምልክትን፣ የአንድ ብሔረሰብን የሽመና ጥለት ወይም የመቃብር ሐውልት ቅርጽን «ስለሚያምር» ብቻ አንሥቶ በሳሙና መጠቅለያ ላይ ማስቀመጥ ባለቤቶቹ በሌሉበት በስማቸው መናገር ነው።

ሁለቱ የቡና ታሪኮች

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሆኑ። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ጥያቄው ከአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው፤ ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል የያዘ ምልክት ቀደም ብሎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው ስሞቹን በፈቃድ ለመጠቀም ተስማማ። የክርክራችን ፍሬ ነገር ግልጽ ነበር፤ ገበሬው ለትውልዶች ያስከበረውን ስም ሌላው ያለ ፈቃዱ ሊጠቀምበት አይገባም።

በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ ካልዲስ ኮፊ የተባለው የቡና ቤት ተከፍቶ ሥራውን እያስፋፋ ነበር፤ አረንጓዴና ነጭ ክብ ዓርማው የስታርባክስን ዓርማ ያስታውሳል ተብሎ በውጭ ጋዜጦች ሳይቀር ተጻፈበት። ስታርባክስ በኢትዮጵያ ቡና ቤት አልነበረውም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩን በፈገግታ አለፈው። ቡናው ከእኛ፣ ዓርማው ከእነርሱ፤ ዕዳ ተካካሰ ያሉም አሉ። ቀልዱ ያስቃል፤ ክርክሩ ግን አይጸናም። በዋሽንግተን «ስማችንን በፈቃድ ተጠቀሙ» ያልን ሕዝብ በአዲስ አበባ ያንኑ መርሕ ልንይዝ ይገባናል። የቤቱ ስም ራሱ ቡናን አገኘ ከሚባለው ከፍየል ጠባቂው ከካልዲ የመጣ ነው፤ በዚህ ታሪክ ብቻ የትም የሌለ ዓርማ መንደፍ ይቻል ነበር። የመኮረጅ ትልቁ ጉዳት በተኮረጀው ላይ ብቻ አይደርስም፤ ኮራጁም የራሱን ታሪክ ሳይናገር ይቀራል።

ሕጉ በዚያው ሰሞን ተጠናክሯል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ደንበኛን የሚያሳስት ውድድር የተከለከለ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ባለ ምልክቶች መብታቸውን በጋዜጣ በሚያወጡት ማስጠንቀቂያ ያሳውቁ ነበር። ራሱን የቻለ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ግን የሚጠብቀው ያስመዘገበውንና የሚከሰውን ነው። ደብዳቤ የማታነብ እናት በሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታውቀውን ቀለምና ቅርጽ አይታ ሐሰተኛውን ዱቄት ወተት ብትወስድ፣ እርስዋን ቀድሞ ሊጠብቃት የሚችለው መጠቅለያውን የነደፈው ሰው ነው። ፊደል ለማያውቅ ሰው ምልክቱ ሙሉው ጽሑፍ ነው፤ በእርሱ ላይ መዋሸት ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድን ሰው ወደ ገደል እንደ መምራት ይቆጠራል።

የባለሙያው ድርሻ

በመጨረሻ ሁልጊዜ ወደሚቀርብልኝ መልስ ልምጣ። «እኛ እጅ ነን፤ ያዘዘን ደንበኛ ነው» ይባላል። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በሳሪስ አቦ አካባቢ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ ደንበኛ የታወቀ የልብስ ሳሙና ከረጢት ይዞ መጥቶ «አንድ ፊደል ብቻ ለውጥና ይህንኑ አድርግልኝ» አለው። ልጁ ሌላ ሦስት ንድፍ አቅርቦ ለማግባባት ሞከረ፤ ደንበኛው እንቢ አለ፤ አሠሪውም «ሥራ አትመልስ» አለው። ሥራውን አልሠራም አለ፤ በወሩ መጨረሻ ከሥራ ወጣ። ከረጢቱን ሌላ ሰው ሠራው። ይህን ሲነግረኝ «ታዲያ ምን ለወጥሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ በቀላል ምክር የሚመለስ አይደለም። የቤት ኪራይ ያለበትን ወጣት «ጀግና ሁን» ብሎ መሸኘት ኃላፊነትን ከጠንካራው ትከሻ ወደ ደካማው ማዛወር ነው። ታሪክ የሚያሳየን ግን ምልክትን ያስከበረው የአንድ ሰው እንቢታ ብቻ እንዳልነበረ ነው። አስመሳዩን ብር ያስቀረው ዕንቁ የሚቆጥር ገበያ ነበር። የቡናውን ስም ያስመለሰው ተቋም፣ የሕግ ባለሙያና ገበሬ በአንድነት መቆማቸው ነበር። ስለዚህ የንድፍ ባለሙያዎች የሚተማመኑበት የጋራ የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ የመለሰውን ሥራ ጎረቤቱ እንዳይቀበል። እኛም ዓርማ መንደፍን በምናስተምርበት ክፍል ሁሉ ከቀለምና ከቅርጽ እኩል የምልክትን ታሪክ ማስተማር አለብን። አሠሪዎችና ነጋዴዎች ደግሞ የተኮረጀ ከረጢት የአንድ ዓመት ትርፍ፣ የራስ ስም ግን የልጅ ልጅ ርስት መሆኑን ከጠገራ ብር ሊማሩ ይችላሉ።

ለዚያ ወጣት የመለስሁለትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ከረጢቱ መሠራቱን አልከለከልህም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ማተሚያ ቤት፣ ያ ሥራ እንደ ማንኛውም ሥራ በዝምታ እንዳያልፍ አድርገሃል፤ ደንበኛውም አሠሪውም የሚያደርጉትን ስሙን ጠርተው እንዲያደርጉት አስገድደሃል። አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ዓርማን ግን ሰው ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ የሚጠየቅበትም ሰው ነው።